ሁሉም የተከፈለበት ሳምንት

ሻንጣው ውስጥ አሸዋ ነበር። ሰኞ ዕለት ከቁም ሳጥኑ አናት አውርጄ ስከፍተው ግን ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው፤ ኮኮናት ኮኮናት የሚል የፀሐይ ቅባት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ሽታው ግን ተዘግቶበት እዚያው ቁጭ ብሎ ቆይቷል። ቀይ ሻንጣ ነው። ሃቫና መንገድ ላይ ካለ የቅናሽ ሱቅ በሠላሳ ዘጠኝ ዶላር ነው የገዛነው፤ አንዱ ጎማው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ጎን ይሄዳል። የእህቴ ልጅ ብሌን ዓርብ ወደ ሲያትል ትሄዳለች፤ ሥራ አግኝታለች፤ ተመልሳ ትምጣ አትምጣ እንጃ። «አጎቴ፣ የማሚን ሻንጣ ልውሰደው?» ብላ ቴክስት አድርጋልኝ ነው ያወረድኩት። አሸዋው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ልጠርገው ቫክዩሙን አወጣሁና ይዤው ቆምኩ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። አሸዋው አሁንም እዚያው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አብቅቷል፤ እሱንም ግማሹን እዚያ አገር ቤት፣ ግማሹን እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው የተማርኩት። ሥራዬ የኤርፖርት ቫን መንዳት ነው። ግን ስለ እህቴ እኔ ካልጻፍኩ የሚጽፍላት የለም።

ስሟ ጽጌ ነው። እኔ እታለም ነበር የምላት። እሷ ደግሞ እስከ መጨረሻው ድረስ ማሙሽ ትለኝ ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ፀጉሬ ከፊት ሸሽቶም ማሙሽ ነኝ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ወረቀት ሞልታ ያመጣችኝ እሷ ናት። ያኔ የምንኖረው ግሌንዴል ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ መኝታ ቤት፣ መስኮቱ ወደ ፓርኪንጉ የሚያይ። መኝታ ቤቱ የእሷና የብሌን ነው፤ ብሌን ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ወደ ሌላ ስቴት ሄዶ ስሙም አይነሳም። እኔ ሳሎን፣ መሃሉ የሰመጠ ቡናማ ሶፋ ላይ። በመጀመሪያው ክረምት ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በሰባት ዶላር ሰማያዊ ጃኬት ገዛችልኝ። ዚፑ ላይ የሌላ ሰው የበረዶ መንሸራተቻ ትኬት ተንጠልጥሏል። መውለቅ እንዳለበት አላወቅኩም። ትምህርት ቤት ልጆቹ የትኛው ተራራ ላይ ነው የምትንሸራተተው ይሉኛል፤ እኔ ፈገግ እላለሁ። ለእሷ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀችና «ተወው አታውልቀው፤ ሀብታም ትመስላቸዋለህ» አለችኝ። ያንን ጃኬት ሦስት ክረምት ለበስኩት፤ ትኬቱም አብሮኝ ከረመ። አሁን በዚያ ሰፈር ሳልፍ ሕንጻው ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ መስኮታችንን ግን አልስተውም፤ ከደረጃው ቀጥሎ ሁለተኛው ነው።

ሁለት ቦታ ትሠራ ነበር፤ ሁለቱም አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ነጭ ስኒከር፣ ወይን ጠጅ ዩኒፎርም፣ ፀጉሯ በጥቁር ሻሽ። በሁለቱ ሺፍት መሃል ፓርከር መንገድ ዳር ካለ የሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋን ጥላ ፈልጋ ታቆምና ሃያ ደቂቃ ትተኛለች፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ። እረፍት ማለት ለእሷ ያቺ ሃያ ደቂቃ ነበረች። እሁድ ቤት ስታጸዳ ሲዲ ትከፍታለች፤ የዘፈኑን ግጥም ሁልጊዜ ትሳሳታለች፤ ሳርማት አንተ ምን ታውቃለህ ትለኛለች።

ሃይስኩል እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ጴንጤ ሆንኩ። ይሄን መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ ሌላው አይገባም። እህቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ጾም የማታፈርስ። አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ምድጃው ላይ ሁለት ድስት አየሁ፤ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። «ያንተ የቀኙ ነው» አለችኝ። በቃ፣ እርቁ ያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጾም በሆነ ቁጥር ሁለት ድስት ትጥዳለች። የእኔን ወጥ መቅመስ ስለማትችል ጨው በግምት ነው የምታደርገው፤ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል። ልክ የሚሆነው ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀኖች ነበር። ያኔ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ አንድ ድስት ብቻ ትጥዳለች፤ ረቡዕን ጠብቃ ጥብስ ትሠራና «ዛሬ እኔና አንተ አንድ ነን» ትለኛለች።

ብሌን ሃይስኩል ልትጨርስ ስትል እናቷ ምን ልግዛልሽ አለቻት። መኪና የምትል መስሎን ነበር። «ሥራ የሌለበት አንድ ሳምንት» አለች። «አንቺና እኔ ብቻ። ቢች።» እህቴ እኔን አየችኝ። እኔም ፈልጌ ጃማይካ አገኘሁ፤ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ጀልባው፣ አልጋው ሁሉ አንዴ የሚከፈልበት ሆቴል። ሥራ ቦታዋ ደወልኩላት። «የጁላይ መጨረሻ አለ፣ የኦገስት ሁለተኛ ሳምንት አለ። የቱን ቡክ ላድርግ?» ከኋላዋ የአንድ አረጋዊ ደወል ይጮሃል። ትንሽ ዝም አለች። «የኦገስቱን አድርገው» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች። «ማሙሽ፣ ካላንደር ታያለህ?»

«ምን ሆነ?»

«ቡክ ያደረግከው ፍልሰታ ውስጥ ነው። እኔ ምን ልበላ ነው የምሄደው?»

ፍልሰታ የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቷል። እህቴን ሁሉም የተከፈለበት ሆቴል፣ በጾም።

«አንተ ጴንጤ፣ ሆን ብለህ ነው።»

«እታለም፣ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ልቀይረው።»

«ተወው፤ አትቀይር። አሳውን እያየሁ እጾማለሁ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ውሃውም ተከፍሏል?»

«ውሃውም።»

«ደግሜ ብወስድስ?»

«አሥር ጊዜ ውሰጂ።»

«እንግዲህ ፍልሰታ አዳናቸው፤ አከስራቸው ነበር» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

የዋና ልብስ ልንገዛ ሃቫና መንገድ ሄድን፤ ሻንጣውንም ያን ቀን ነው የገዛነው። የዋና ልብሷ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከታች እንደ ቀሚስ የተንዘረፈፈ፣ አሥራ ስምንት ዶላር። ሁልጊዜ ላርጅ ነበር የምትለብሰው፤ ያን ቀን ሚዲየሙ ሰፋት። ብሌን «ማሚ፣ ስኪኒ» አለቻትና ስሞል አመጣችላት። ደስ አለን። ሦስታችንም ደስ ብሎን ነው ከዚያ ሱቅ የወጣነው። ይሄንን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

የሄዱ ቀን ኤርፖርት ድረስ ላድርሳችሁ ብል እምቢ አለች፤ እንደ ቱሪስት በባቡር ነው የምሄደው ብላ። ሴንትራል ፓርክ ጣቢያው ጋ ፓርክ አደረግኩ። እሷ ዴንቨር ስትመጣ እዚያ የተዘጋው አሮጌ ኤርፖርት ሜዳ ብቻ ነበር። ዛሬ በረንዳ ያላቸው ቤቶች ናቸው፣ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ናቸው፤ የድሮው የአውሮፕላን መቆጣጠሪያ ማማ ብቻ ብቻውን ቆሟል። «አየኸው ማሙሽ፤ እዚህ አውሮፕላን ነበር የሚያርፈው፣ አሁን ሕፃን ይታዘላል» አለችኝ። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አድርጋለች፤ ፀሐዩ ጃማይካ ሳይሆን ኮሎራዶ የሚጀምር ይመስል። ባቡሩ ሲመጣ ሻንጣውን በዚያች ጠማማ ጎማ እየጎተተች ገባች። ዞራም አላየችኝ። ብሌን ናት በመስታወቱ እጇን ያወዛወዘችልኝ።

ጃማይካ እኔ አልሄድኩም። የማውቀው በስልክ የሰማሁትንና ብሌን ያሳየችኝን ቪዲዮ ነው። ግን ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት፣ አንዳንዴ የነበርኩ ይመስለኛል። በየቀኑ እረፍት ስወጣ ትደውልልኛለች፤ ከኋላዋ ባሕሩ ይሰማል። መጀመሪያ ቀን ያወራችኝ ስለ አምባሩ ነው። እጃቸው ላይ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ማሰሪያ አስረውላቸዋል፤ እሱን ያየ ሁሉ ምን ላምጣ ይላል። «እኔን ምን ላምጣ ይሉኛል እኮ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ምን ላምጣ ስትል የኖረችው እሷ ናት።

ሁለተኛው ቀን የአስተናጋጁን ነገር ነገረችኝ። ዴልሮይ ይባላል፤ ሽበታም፣ ረጅም። ከኢትዮጵያ ነን ሲሉት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ስጋውንም ዕንቁላሉንም አልበላም ስትለው ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ የእሱም ቤተሰቦች ስጋና ወተት የማይነኩ ራስታዎች ናቸው። «ኢምፕረስ ይለኛል። ብሌንን ምን ማለት ነው ብላት እቴጌ ነው አለችኝ። ሰማህ? ግሌንዴል ሶፋ ላይ ያሳደግኩህ እቴጌ ናት።»

«ምን በላሽ?»

«ሩዝ በባቄላ አምጥቶልኛል፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ጎመን በኮኮናት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው የሚያመጣልኝ፤ ስፈታ።»

«ጣፈጠሽ?»

«በኋላ እበላዋለሁ። ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ።»

በማግስቱም ጠየቅኳት፤ በኋላ እበላዋለሁ። በማግስቱም። እኔ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ አፍሬ ወሬ እቀይራለሁ።

አምስተኛው ቀን ዴልሮይ ብሌንን ለብቻዋ ጠርቶ እንዲህ አላት፤ «የሚጾም ሰው ቤት ነው ያደግኩት። የሚጾም ሰው ሲፈታ ይበላል። እናትሽ ስትፈታም አትበላም።» ብሌን እሷ እንደዚህ ናት ብላው ሄደች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባሕር አለ፣ ፀሐይ አለ። ምን ትበል? መጨረሻው ቀን ግን ተናደደች። ጠረጴዛው ላይ ሎብስተር አለ፣ ኬክ አለ፣ እናቷ ከሎሚ ውሃ ጋር ተቀምጣለች። «አሳ እኮ ስጋ አይደለም። አንዴ ብቻ አብረሽኝ ብትበዪ ምን ነበር? ከጓደኞቼ ጋር ብመጣ ይሻለኝ ነበር» አለቻት። እህቴ «እውነትሽን ነው» አለች። ተነሳችና ባሕሩ ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች፤ የዋና ልብሱ ቀሚስ በዙሪያዋ ተንሳፈፈ። ዋና አትችልም ነበር። ዝም ብላ ቆመች። እሱም በቪዲዮ አለ፤ ከጀርባ፣ አሥራ ሦስት ሰከንድ።

ተመልሳ አምባሩን አልፈታ አለች። ሥራ ይዛው ገባች። የምትጦራቸው አሮጊቶች ምንድነው ሲሏት ምን ላምጣ የሚያስብል ነው ትላቸዋለች። በመስከረም መጨረሻ ሆስፒታል ስትገባ ነርሷ እሱን በመቀስ ቆርጣ የሆስፒታሉን ነጭ አሰረችላት። የጨጓራ ካንሰር ነው አሉን፤ ቆይቷል አሉን። የገና በዓል ሳይደርስ አረፈች። ብሌን ዴልሮይ ያለውንና ራሷ ያለችውን የነገረችኝ በቀብሩ ማግስት ነው፤ ከዚያ በኋላ አላነሳችውም። ግን ከዚያ ወዲህ ትጾማለች፤ በሕይወቷ ጾም የማታውቅ ልጅ ሁሉንም ትጾማለች። የእናቷን ነገር ያዘች ብዬ ደስ አለኝ። ለዚህ ፋሲካም ቤቴ መጥታ ዶሮ አቀረብኩላት፤ ቤተክርስቲያን በልቼ ነው የመጣሁት አለች። አመንኳት።

ወደ ሰኞ ልመለስ። አሸዋው ከፈሰሰ በኋላ የሻንጣውን የጎን ኪስ ፈተሽኩ። የተጠቀለለ ካልሲ ውስጥ ብርቱካናማ የመድኃኒት ብልቃጥ ነበር። የእህቴ ስም አለበት፤ ለማቅለሽለሽ ይላል፤ የተሰጠበት ወር ጁን ይላል። ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብሎ። ከሠላሳው የቀሩት አራት ናቸው።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ስልክ መጣብኝ፤ ደወሉ ሲጮህ፣ ትንሽ ዝም ስትል፣ የኦገስቱን አድርገው ስትል። የፍልሰታን ቀን የማታውቅ ሴት አልነበረችም። ካንሰር መሆኑን ታውቅ ነበር አልልም። ምግብ እምቢ እንዳላት ግን ታውቅ ነበር። ለልጇ አንድ ሳምንት ልትሰጣት ፈለገች፤ ለምን አትበዪም የሚል ሰው ደግሞ እንዳይኖር ፈለገች። ስለዚህ ጾሙን መረጠች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ እህቴን በጾም ሆቴል የላክኋት እኔ ነኝ እያልኩ ስኖር። ያ ሸክም ወረደልኝና የባሰው መጣ፤ ጁላይ ቢሆን ኖሮ እናይ ነበር። ብልቃጡን ኪሴ ከተትኩት። ለብሌን ላለመንገር ወሰንኩ።

ረቡዕ ከሰዓት መጣች። ስታቅፈኝ የትከሻዋ አጥንት አገጬን ነካኝ። ሻንጣውን ከፈት አድርጋ አሸተተችና ዘጋችው።

«ላጥበው?»

«ኖ። ተወው።»

«ነይ ብዪ፤ ፓስታ በስጋ ሠርቻለሁ።» ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው እሱን ነው።

«አጎቴ፣ ረቡዕ ነው እኮ። ጾም ነው።»

«ይቅርታ፤ ረሳሁት።»

«ጴንጤ» አለችኝ፣ ልክ እንደ እናቷ። ሳቅን። ሻንጣውን እየጎተተች ወረደች፤ ጎማው ደረጃው ላይ ሲንገጫገጭ ሰማሁት።

ድስቱን ልከድን ሄድኩ። አንድ ድስት። እጄ ክዳኑ ላይ እያለ ነው የገባኝ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ሃምሳው ቀን ውስጥ ነን። ረቡዕ አይጾምም። ልጅቷ ለእናቷ ስትል ጾም የያዘች ልጅ ናት፤ ይሄንን ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ሰሃን ሞልቼ በፎይል ሸፈንኩና መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ከኦሮራ ግሌንዴል ሃያ ደቂቃ ነው። የምትኖረው ከድሮው ቤታችን ሦስት ሕንጻ ዝቅ ብሎ ነው።

በሩን ስትከፍት ሰሃኑን አየች፤ እኔን አየች።

«ሃምሳው ቀን ውስጥ ነን» አልኳት። «ጾም የለም።»

«ጴንጤው ካላንደር አየ» አለች። በዚህኛው ጊዜ ግን አልሳቀችም።

«ብሌንዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«አይወርድልኝም።» ወለሉ ላይ ካርቶኖቿ መሃል ተቀመጠች። «ስጎርስ ያ የተሸፈነ ሰሃን ይታየኛል። ያልኳት ይታየኛል። ጾም ነው ስል ሰው ይተወኛል።»

ያኔ ነው ብልቃጡን ያወጣሁት። ላለመስጠት ወስኜ ነበር፤ ሌላ የምሰጣት ነገር ግን አልነበረኝም። አንብባ አዞረችው፤ እንደገና አነበበችው። «ጁን» አለች። «የምረቃዬ ሰሞን።» ጾሙን እናቷ ራሷ እንደመረጠችው፣ እኔም ብሌንም እንዳናይ አድርጋ እንደመረጠችው ነገርኳት። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። ይቀላታል ብዬ ነው።

«ሳምንቱን ሙሉ አታለለችኝ ማለት ነው» አለች።

«ልታሳርፍሽ ነው።»

«ሰውየው ነገረኝ እኮ፣ አጎቴ። እሷ ደበቀችን፤ ሰውየው ግን ነገረኝ።»

ሰሃኑን ካርቶኑ ላይ አስቀምጬ ሹካ አጠገቡ አደረግኩ። ፎይሉን አልነካችውም። ብልቃጡን ከጎኑ አቆመችው።

«በኋላ እበላዋለሁ» አለችኝ።

ድምፁም ሳይቀር የእናቷ ነው። ጃማይካ ሆና ስትለኝ ወሬ ቀይሬ ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ነበር የምመለሰው። አሁን ጫማዬን አወለቅኩና ከፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«በኋላው እስኪደርስ እዚሁ ነኝ» አልኳት።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። ፓስታው ቀዘቀዘ።